ሠላሳ አንድ ጊዜ

ሰኞ ጠዋት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አቧራው ገና ሳይነሣ፣
ጂራቱቢዬን አስረከብኩት፣ ለዚያ ለልጁ፣ ለፈይሳ።
"ዘጠነኛው ቫልቭ ግትር ነው፣ ጉልበት አይወድም" አልኩት፣
"ግማሽ ዙር ወደ ኋላ መልሰህ፣ ከዚያ ባንድ ትንፋሽ ክፈት።"
ሳቀ፤ ቅርብ ነው ሳቁ።
የእኔ እጅ ነው የከበደው፣ ሲወርድለት ትጥቁ።

ሐሙስ ሌሊት ለገላን ነው፣ ረቡዕና ቅዳሜ ለኮዬ፣
የሳምንቱን ቀን የምቆጥረው በቫልቭ ነበር፣ በሙያዬ።
ውሃ የቀረ እንደሆን፣ ወይዘሮ አስካለ ናት ቀዳሚ፣
ከብሎክ መቶ አሥራ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስሞታ አሰሚ፤
"አንቺ ውድነሽ፣ ባልዲዬ ደረቀ!" ስትል በስድስት ሰዓት ሌሊት፣
ጫማዬን ሳላስር ደርሼ፣ እከፍተው ነበር በቅጽበት።
ውሃው ብረቱን እያንኳኳ፣ ሽቅብ ሲጋልብ ወደ ፎቅ፣
"ተባረኪ" ከመስኮት ሲመጣ፣ ሹመት አለ ብዬም አላውቅ።

ሹመቱ መጣ። ሦስተኛ ፎቅ። ጠረጴዛ። የሚሽከረከር ወንበር።
አቶ ልዑልሰገድ ነጭ ወረቀት ሰጡኝ፣ ምንም ያልሰፈረበት ነገር።
"ዛሬ ምን ተበላሸ አትበዪኝ፤ እሱን ፈይሳ ይነግረኛል፤
አሥራ አምስት ዓመት ወደፊት ቁሚና፣ ከዚያ ሆነሽ ንገሪኝ፣ ውሃው የት ይገኛል?"
ሄዱ።
ወረቀቱና እኔ ቀረን፣ ተፋጠን፣ እንደ ባዳ።
እስከ ምሳ አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት፤ አየሁ ሜዳ።
ማታ ባሌ እጄን አየና፣ "ዛሬ ሥራ አልገባሽም?" አለኝ፣
ጥፍሬ ሥር ግሪስ የለም፤ ንጹሕ መሆኔ አሳፈረኝ።

ዐርብ ዕለት ስልክ፦ ከገበያው ማዶ፣ ከአስፋልቱ ሥር ቧንቧ ፈንድቷል።
ስብሰባ አለኝ በአራት ሰዓት። ይቆየኝ፤ ማን ይሞታል?
ቀሚሴን ሰብስቤ ጉድጓድ ገባሁ፣ ከፈይሳ እጅ ነጠቅሁት፣
"እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው!" አልኩና፣ በአንድ ሰዓት ዘጋሁት።
ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ልጁ ጭቃ ይጠርጋል ከፊቱ፤
ቃል አልወጣውም፤ የቀማሁት ብረት ብቻ አልነበር በውነቱ።

በሳምንቱ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ቧንቧ፣ ዳግም ፈነዳ።

ያን ቀን አልሄድኩም። ወደ ግምጃ ቤት ወረድኩና፣
የጥገና መዝገቦቹን አወጣሁ፣ አቧራቸውን እፍ አልኩና፣
ገጽ በገጽ ቆጠርኩ። የኔው ፊርማ፣ የኔው ፊርማ፣ የኔው ፊርማ፤
ሠላሳ አንድ ጊዜ፣ ያንኑ ቧንቧ፣ በፀሐይ፣ በዝናብ፣ በጨለማ።
ሠላሳ አንድ ጊዜ ተመርቄያለሁ።
አንድ ጊዜ "ለምን" አላልኩም።
ቀኖቹን አስተያየሁ፤ ረቡዕ ሌሊት። ቅዳሜ ሌሊት። ሁሉም።

ባዶ ያደረ ቧንቧ፣ አየር የዋጠ፣ ባንድ ትንፋሽ ሲከፈትበት፣
ውሃው እንደ ኮርማ ይመጣል፤ ታች ያለው ብረት መሸሻ የለው፣ ይሰነጠቃል በዚያ ምት።
ለአስካለ የሮጥኩት ሩጫ፣ የተመረቅሁበት ፍጥነት፣
ከገበያው ማዶ ያለውን ሰፈር ያስጠማው እሱ ነው፤ የኔው ደግነት።
"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል"፤ አውቀዋለሁ ይህን ነገር፣
የሚፈታው በሰው ደጅ መሆኑን ግን ማን ነግሮኝ ነበር?

ነጩን ወረቀት አወጣሁ። ስለ አሥራ አምስት ዓመት አላውቅም።
ስለ አንድ ሌሊት ጻፍኩ፦ "ቧንቧው ባዶ ባያድርስ? ትንሽ ትንሽ፣ ሳይቋረጥ፣ ለሁሉም?"
አቶ ልዑልሰገድ አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁና፣
"ስንት ያስወጣል?" አሉኝ። "አላውቅም" አልኩ። ሌላ ወረቀት ሰጡኝ እንደገና።

ትናንት ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ስድስት ሰዓት። አስካለ ናት።
አላነሣሁም። ዋሸሁ፤ አነሣሁ። "ፈይሳ እየመጣ ነው፣ እናት።"
ከዚያ ለልጁ ደወልኩለት፤ እንዴት እንደሚከፍት አልነገርኩም፣
"ስንት ዙር አዞርክ? ስንት ደቂቃ ፈጀብህ? ጻፈው" አልኩት፤ ሌላ አልጨመርኩም።
ዝም አለ ጥቂት። "ባንድ ትንፋሽ አላልሽኝም ወይ?" አለ።
"ብዬህ ነበር። ተሳስቼ ነው።" በስልኩ ውስጥ ንፋስ ሽው አለ።

መብራቱን አጠፋሁ። ባሌ ተኝቷል። ፓምፑ ከሩቅ ያጓራል፤
እጄ ግን ብርድ ልብሱ ሥር፣ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ፣
ከዚያ ቀስ... ቀስ ብሎ ይዞራል።